የባሕር ጥጥ

ምጽዋ፣ ጥር ፳ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

እናትም አክስትም ሆነው ላሳደጉኝ ለእትዬ ቦሰና፤ አዲስ አበባ፣ ሸማ ተራ።

ይህች ደብዳቤ ጉልበትዎ ቀሎልዎ፣ ገበያው ቀንቶዎት ታግኝዎ። እኔ ከሙቀቱ በቀር ምንም አልሆንኩም፤ የራጉኤል ጥበቃ አልተለየኝም። ደብዳቤዬን ለሚያነቡልዎ ለጋሼ ባህረዲንም ሰላምታዬ ይድረስ። የእሳቸው የዶቃ ሱቅና የእርስዎ የሸማ ሱቅ አንድ ግድግዳ ባይጋሩ ኖሮ እኔና እርስዎ በምን እንነጋገር ነበር?

ሥራህ ምንድን ነው ብለው ደጋግመው ጠይቀውኛል። ሳልመልስ የቆየሁት አፍሬበት ሳይሆን ለራሴም ገና እየገባኝ ስለሆነ ነው። የባሕር ጥናት ጣቢያው ከወደቡ ወጣ ብሎ ያለ የቆርቆሮ ቤት ነው። አለቃችን የውጭ አገር ሰው ነው፤ ዶክተር እንለዋለን፣ ሰው ግን አያክምም። ከባሕር የሚወጣውን ሁሉ ይለካል፣ ይሥላል፣ ስም ያወጣለታል። እኔና ቶላ የሚባል የአምቦ ልጅ ረዳቶቹ ነን። ጠዋት ጠዋት በጀልባ እንወጣለን። ከሥሩ መስተዋት የተገጠመለት ሣጥን አለን፤ እሱን ውሃው ላይ አስቀምጠን ቁልቁል እናያለን። የባሕሩ ወለል የበዓል ዋዜማ ሸማ ተራን ያስንቃል፤ ቀለሙ፣ ግፊያው፣ ግርግሩ። ያየሁትን ልናገር ስል ቃል ያጥረኛል። እኔ ደግሞ ቃል አጥሮኝ እንደማያውቅ እርስዎ ያውቃሉ።

በአሥመራው አውቶቡስ ሾፌር እጅ አንድ ነገር ልኬልዎታለሁ። ሰፍነግ ይሉታል። ከባሕር ወለል የሚነቀል ነው፤ የላክሁልዎ ታጥቦ የደረቀ ነው። ለእቃ ማጠቢያ ከቃጫ እጅግ ይሻላል፤ ሲነክሩት ይለሰልሳል፣ ሸክላም አይፍቅም።

ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። ከቀጭን ፈትል የተሠራ፣ ጥለት የሌለው፣ እጅግ የሳሳ ሸማ ሁለት ክንድ ያህል ይላኩልኝ። ለሥራ ነው። ዶክተሩ ከአገሩ ያዘዘው ስስ ጨርቅ መንገድ ላይ ቀረ። እኔም አክስቴ ዘንድ ሸረሪት የምታፍርበት ሸማ አለ ብዬ ፎከርኩ፤ አያሳፍሩኝ።

ባሕሩ ውስጥ ትገባለህ ወይ ስላሉኝ ጉዳይ በሌላ ጊዜ እጽፋለሁ። አሁን ፖስታ ቤቱ ሊዘጋ ነው።

ልጅዎ ዱባለ


አዲስ አበባ፣ የካቲት ፳፬ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

ለልጄ ለዱባለ። ራጉኤል በክንፉ ይጋርድህ፣ እግርህ የረገጠውን ያጽናልህ።

ይሄን የሚጽፈው ባህረዲን ነው። ማሳመር የሚባል አመል ስላለበት ያልኩትን ብቻ ጻፍ ብዬ አስምዬዋለሁ።

እቃህ ደረሰኝ። ፈትቼ ሳወጣው ተራው ሁሉ ሥራውን ትቶ ተሰበሰበ። አንዱ የማር እንጀራ ነው አለ። አንዷ ሻግቶ የደረቀ ዳቦ ነው አለች። ባህረዲን የዛፍ ሥር ነው ብሎ ድርቅ አለ፤ እሱ ከዶቃ ሌላ ምን ያውቃል። (ይህንንም ጻፍ ብላኛለች።) እኔ ግን ከጫፉ ቆንጠር አደረግሁና በጣቴ ፈተልኩት። ሠላሳ ዓመት ጥጥ የዳበሰ እጅ ነው። ይሄ የባሕር ጥጥ ነው ብዬ ፈረድኩ፤ ይግባኝ ያለም አልተገኘ። ውሃ ውስጥ ስነክረው ጠጣ፣ ጠጣ፣ ድስቱን ሊጨርሰው ምንም አልቀረው። ስጨምቀው ደግሞ አንዲት ጠብታ ሳያስቀር መለሰ። እንዲህ ያለ ታማኝ ሻጭ ሰባተኛ ሰፈር ድረስ ብሄድ አላገኝም።

አሁን የምነግርህን ልብ በል። ዘንድሮ ሁዳዴን እንደ ወትሮዬ አይደለም የያዝኩት። ስለት አለብኝ። ስለምን እንደሆነ አትጠይቀኝ፤ ስለት ሲወራ ይቀላል። ብቻ ሃምሳ አምስቱን ቀን የእንስሳ ነገር እንኳን አፌን እቃዬንም አይነካውም ብዬ ለራጉኤል ተስያለሁ። አዲስ ድስት፣ አዲስ ጭልፋ፣ አዲስ ቅል ገዝቻለሁ። ቅቤ ያየውን ሁሉ ጠቅልዬ ከአልጋ ሥር ከትቼዋለሁ። ያንተን የባሕር ጥጥ ለዚህ ለጾሙ እቃ ብቻ መድቤዋለሁ። ከውሃ የመጣ ንጹሕ ነገር በሰዓቱ ስለደረሰልኝ ደስ ብሎኛል።

ሸማውን ልኬልሃለሁ። ለሙሽራ የተሸመነ ነበር፤ ሙሽሪት ሳትወስደው ቀረች፣ ዕጣህ ሆነ። ዓሣ ልትቋጥርበት ከሆነ ግን አልምርህም።

ባሕሩን በሌላ ጊዜ እጽፋለሁ ብለህ ዘለልከው። አባትህ ጥጥ ጭኖ ዓባይን ሲሻገር በቅሎዋ ብቻ መውጣቷን የነገርኩህ ለተረት አይደለም። ባሕርህን ከዳር ሆነህ ለካው። ዳሩ አይበቃም ወይ?

አክስትህ ቦሰና


ምጽዋ፣ መጋቢት ፭ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

ለውድ እትዬ፤ ጾሙ እንደ ጀመሩት ይፈጸምልዎ፣ ስለትዎ ይስመርልዎ።

ሸማው ደረሰኝ። ለዶክተሩ ሳሳየው በፀሐይ አንጻር ዘርግቶ፣ በማጉያ መነጽሩ ክሩን ቆጥሮ፣ ይህን በእጅ የፈተለ ሰው አለ? ብሎ ጠየቀኝ። አለች አልኩት። የሆነውን ሁሉ ልንገርዎ፤ ይኸው ሦስት ቀኔ፣ እንቅልፍ የለኝም።

አስቀድሜ ስለ ሰፍነጉ። እኔም እንደ እርስዎ የሚበቅል ነገር ይመስለኝ ነበር። ገንዳ ውስጥ አንድ ሕያው ሰፍነግ አለን፤ ቀይ ነው፣ ድንጋይ ላይ ተጣብቆ ይኖራል። ዓይን የለው፣ ራስ የለው፣ ልብ የለው፣ ደም የለው። ቢነኩት አይሸሽም። ዶክተሩ ይህችን ደብዳቤ የምጽፍበትን ቀለም ተቀበለኝና አንዲት ጠብታ ከጎኑ ጣለ። ቀለሙ በጎኑ ባሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ገባ። ጥቂት ቆይቶ ከአናቱ ካለው ትልቅ ቀዳዳ እንደ ጢስ ወጣ። ሌሊትና ቀን ውሃውን እየሳበ፣ ለዓይን የማይታይ ምግቡን እየለቀመ፣ አጣርቶ ይመልሰዋል። ተክል አይደለም እትዬ። እንስሳ ነው። የሊቃውንቱ ሊቃውንት እንኳ ብዙ ዘመን ተክል ነው እያሉ ሲከራከሩበት ኖረዋል፤ ስለዚህ ሸማ ተራ ቢሳሳት አይፈረድበትም። እርስዎ እቃ የሚያጥቡበት አጽሙ ነው፤ ሥጋው ታጥቦ አልቆ የቀረው።

ዶክተሩ ግድግዳው ላይ በከሰል አንድ ትልቅ ዛፍ ሥሎልናል፤ የእንስሳት ሁሉ የዘር ዛፍ። ከሁሉ በታች፣ ከግንዱ ሥር የወጣችው ቅርንጫፍ የሰፍነግ ናት። ከእሷ ቀጥሎ ባሕር ላይ የሚንሳፈፉት ለስላሶቹና ለዶቃ የሚሆነውን መርጃን የሚሠሩት አሉ። እነዚህ አንድ በር ብቻ ያለው ቤት ናቸው፤ የሚጎርሱበት አፍ ራሱ መውጫቸው ነው። ከዚያ ትሎች፣ ቀንድ አውጣዎች፣ ሸርጣኖች እያለ ይወጣል። እኔ ሰውን ፈልጌ ዓይኔ ደከመ። ለካ ከአንድ ጥግ፣ ከአጥንት ለበሾቹ ጋር፣ ከበግና ከፈረስ አጠገብ በቀጭን ጭረት ተጽፏል። ከምድር እንስሳት ዓይነት እጅግ የሚበዛው የጀርባ አጥንት የለውም አለን። ቶላ ይህን ሲሰማ፣ እኛ እንግዶች ነና፣ አለ።

ጋሼ ባህረዲንም ይስሙ። በክር እየሰኩ የሚሸጡት መርጃን ድንጋይ አይደለም፤ እንደ ስንዴ ፍሬ ያሉ እንስሳት እርስ በርስ ተደጋግፈው የሠሩት ቤት ነው።

አሁን ወደ ሸማዎ። ዶክተሩ ከቀዩ ሰፍነግ ቁራጭ፣ ከቢጫውም ቁራጭ ወሰደ። በሸማዎ ቋጠራቸውና ሳህን ውሃ ውስጥ ጨመቃቸው፤ ልክ ጠጅ እንደሚጣራ። በሸማው ቀዳዳ ያለፈው እንደ ዱቄት የላመ፣ ቀይና ቢጫ የተቀላቀለ ደፍራሳ ውሃ ነው። እኔ አለቀለት ብዬ ሳህኑን ልደፋ ነበር። ቆይ አለኝ። በማጉያው ሳይ ደቃቆቹ እየዳሁ ነበር። ቀዩ ቀዩን፣ ቢጫው ቢጫውን እየፈለገ ይጠጋጋል፤ የባዕዱን ነክቶ ይለየዋል፣ የራሱን አግኝቶ ይይዘዋል። በማግሥቱ የሰናፍጭ ፍሬ የሚያህሉ ቀያይና ቢጫ ድቡልቡሎች ሆነው አገኘናቸው። ዶክተሩ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ቀዳዳ አውጥተው እንደ ቀድሞው ውሃ ይስባሉ ብሎናል። ልብ የለው፣ አንጎል የለው፤ ወገኑን የሚያውቀው በምኑ ነው? ብዬ ጠየቅሁት። ዶክተሩ አላውቅም አለኝ። የተማረ ሰው አላውቅም ሲል የሰማሁት ያን ቀን ነው፤ ከዚያ ወዲህ አከብረዋለሁ።

የደበቅሁዎትን ልናዘዝ። ከገና ጀምሮ የአየር ጠርሙስ ተሸክሜ ባሕር ውስጥ መውረድ ስለማመድ ነበር። በመጋቢት ፲፰ ከባሕሩ መካከል ወዳሉት ደሴቶች እንሄዳለን፤ እዚያ ወደ ጥልቁ እወርዳለሁ። ከፋሲካ በኋላ ሁለተኛ ጉዞ አለ። ሁለቱንም የፈጸመ ረዳት ስሙ ለውጭ አገር ትምህርት ይላካል ተብለናል። እንዳይጨነቁ ብዬ ነው ያልነገርኩዎ።

ልጅዎ ዱባለ


ቴሌግራም። አዲስ አበባ፣ መጋቢት ፲፮

ባሕር አትግባ። ደብዳቤ ይከተላል። ቦሰና


አዲስ አበባ፣ መጋቢት ፲፯ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

ዱባለ ልጄ፤ እግዚአብሔር ይህን ወረቀት ከጉዞህ ያስቀድምልኝ።

ባህረዲን ደብዳቤህን ሲያነብልኝ ድስት እያጠብኩ ነበር። እንስሳ ነው የሚለው ላይ ሲደርስ እጄ ውስጥ ነበር። እጄ ውስጥ!

እንግዲህ ልንገርህ፤ ከእንግዲህ ምን ይቀላል። ስለቱ ያንተ ነው። የጥምቀት ሰሞን ከምጽዋ የመጣ የባህረዲን ደንበኛ፣ ልጅሽ ብረት ጠርሙስ ታቅፎ ባሕር ውስጥ ሲሰምጥ አይቼዋለሁ ብሎ ነገረኝ። አንተ ደብቀኸኛል፤ እኔም ማወቄን ደበቅሁህ። ብከለክልህ እንደ አባትህ እልኸኛ ነህ፣ ይብስብሃል አልኩ። ስለዚህ ካንተ ጋር ትቼ ከራጉኤል ጋር ተነጋገርኩ። ልጄን ከባሕር በደህና መልስልኝ፤ እኔም ሁዳዴን ሙሉ የእንስሳ ነገር እቃዬን ሳላስነካ እጾማለሁ አልኩት። ቃሌ ይኼው ነበር።

እና ምን አደረግሁ? ከባሕር የወጣ እንስሳ አጽም ይዤ ሦስት ሳምንት ሙሉ የጾም ድስቴን ፈተግሁበት። ከባሕር እንዲያድንህ የተሳልኩትን ስለት በባሕር አውሬ አፈረስኩት። የላክኸውም አንተው ነህ። በማን ልፍረድ?

ድስቱን ሰበርኩት። ጥጥህን ግን መጣሉ አቃተኝ። ጥጥ ቢሆን እጥለው ነበር። ነፍስ የነበረው ነገር መሆኑን ካወቅሁ ወዲያ ቆሻሻ ላይ መወርወሩ ከበደኝ፤ ልቀብረውም አፈርኩ። በነጠላ ጠቅልዬ ሣጥን ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። የንስሐ አባቴ ሳታውቂ ነው፣ አልበላሽውም፣ ስገጂ ብለውኛል። እሰግዳለሁ። ግን እኔ አይበላም አይደለም ያልኩት፤ እቃዬን አይነካም ነው ያልኩት። ቃሌን የማውቀው እኔ ነኝ።

የጻፍከው ተአምር መሆኑን አልክድም። ባህረዲን ሁለት ጊዜ አነበበልኝ። ያ በሸማዬ አልፎ ወገኑን የፈለገው ነገር ከሐሳቤ አልወጣ ብሏል። ግን ተአምሩን ከዳር ሆነህ እየው። ፋሲካ እስኪያልፍ፣ ከራጉኤል ጋር እስክታረቅ፣ እግርህ ውሃ እንዳይነካ። እለምንሃለሁ። ለምኜህ አውቃለሁ?

አክስትህ ቦሰና


አዲስ አበባ፣ መጋቢት ፳፬ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

ለዱባለ። ሰላም ላንተ ይሁን።

ይህን የምጽፈው እኔ ባህረዲን ነኝ፤ አክስትህ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች፣ አታውቅም። ቴሌግራሙ ከተላከ ሳምንት አለፈው፤ መልስ አልመጣም። እሷ ሱቁን ትከፍታለች፣ አትሸጥም። ደንበኛ ዋጋ ሲጠይቃት እንደፈለግህ ትላለች። ቦሰና እንደፈለግህ ስትል ሰምተህ ታውቃለህ? ሸማ ተራ የሚያወራው ይህንኑ ነው። የምትቀምሰው ማታ አንዴ ብቻ ነው፤ ጉልበቷም በስግደት አብጧል።

ስለት እኛም ዘንድ አለ፤ ክብደቱን አውቃለሁ። ስለዚህ ተይው አላልኳትም። ለአንድ መስመር ወረቀት ብቻ እለምንሃለሁ። ደህና ከሆንክ ደህና ነኝ በል። ካልሆንክም ሌላ ሰው ይጻፍልህና ለእኔ ላከው፤ እንዴት እንደምነግራት እኔ አውቃለሁ።

መርጃኑን በተመለከተ፣ ሃያ ዓመት ድንጋይ ነው እያልኩ ሸጫለሁ። አሁን ክሩን ባነሳሁ ቁጥር ቢስሚላህ እላለሁ።

ባህረዲን


ምጽዋ፣ ሚያዝያ ፫ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

ለእናቴ ለእትዬ ቦሰና፤ በሕይወት አለሁ። ከሁሉ በፊት ይህን ይስሙ፤ ከዚያ ጋሼ ባህረዲን ቀሪውን ያንብቡልዎ።

ነፋሱ ተመቸ ተብሎ ጀልባችን ከቀኑ በፊት በመጋቢት ፲፭ ወጣች። ቴሌግራምዎ የደረሰው እኔ ከሄድኩ በኋላ ነው። ትናንት ስመለስ ቴሌግራሙን፣ ደብዳቤዎን፣ የጋሼ ባህረዲንንም ወረቀት በአንድ ላይ አገኘሁ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ፊደሌ ከተጣመመብዎ በግራ እጄ ስለምጽፍ ነው፤ ምክንያቱን እነግርዎታለሁ። ከእንግዲህ አልደብቅዎም።

ወረድኩ እትዬ። መጀመሪያ የራሴን ትንፋሽ ብቻ ነበር የምሰማው። ከዚያ ግንቡ ተገለጠልኝ፤ የመርጃን ግንብ፣ ከመርካቶ የሰፋ ከተማ። ጫፉን ብፈልግ ዓይኔ አልደረሰበትም። ያን ሁሉ የሠሩት እነዚያ የስንዴ ፍሬ የሚያህሉ እንስሳት ናቸው፤ ልጅ በአባቱ አጽም ላይ እየቆመ፣ የልጅ ልጅ በልጁ ላይ። አዛዥ የላቸውም፣ ግንበኛ የላቸውም። በየስንጥቁ ሰፍነግ አለ፤ ጥቁሩ፣ ወርቃማው፣ ሰው የሚያህለው፣ ሁሉም በዝምታ ውሃውን እያጣራ። ያ ባሕር እንዲያ የጠራው ማን እያጠበው እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ለመንበርከክ ብፈልግ ጉልበቴ መሬት አላገኘም። በልቤ ሰገድኩ።

በአራተኛው ቀን ከእነዚያ ከሚንሳፈፉት ለስላሶች አንዲት እንግዳ መጣች። የታቦት ጥላ የመሰለች፣ ዳሯ በዘርፍ የተንቆጠቆጠ፣ ቀስ ብላ የምትከፈትና የምትዘጋ። አጥንት የላት፣ ደም የላት፤ ከውሃ ጥቂት የወፈረች ውሃ ናት። ዶክተሩ ዓሣ ሳይፈጠር እሷ ነበረች ይላል። አትቅረባት ተብዬ ነበር። ቀረብኳት። ዘርፏ ቀኝ ክንዴን ዳሰሰኝ፤ የፈላ ዘይት የተደፋብኝ መሰለኝ። ትንፋሼ ተቋረጠ፣ ላይና ታች ጠፋኝ። ቶላ በወገቤ ይዞ አወጣኝ። ጀልባው ላይ እጮህ ነበር፤ ቶላ ሰፍነግ በሆምጣጤ እየነከረ፣ እስኪመሽ ድረስ ክንዴ ላይ እየያዘ አስታመመኝ። ሕመሙ በዚያ ለቀቀኝ። አሁን እብጠቱ እየጎደለ ነው፤ ጣቶቼም ይታጠፋሉ።

የተነደፍኩበትን ቀን እንደሚቆጥሩ አውቃለሁ። ስለቱ ስለፈረሰ ነው ይሉ ይሆናል። ልከራከርዎ አልችልም፤ እኔም ባላሰብኩት ደስ ባለኝ። ሁለተኛው ጉዞ ሚያዝያ ፳፭ ነው። እርስዎ ሳይፈቅዱልኝ እንደማልገባ ለዶክተሩ ነግሬዋለሁ። ፊቱ ጠቆረ፤ ግን ቦታዬን እስከ ሚያዝያ ፳፫ ይጠብቅልኛል። ከዚያ ለሌላ ይሰጣል፤ ትምህርቱም አብሮ ይሄዳል። ጉዞው ይቅር ካሉኝ መጥቼ ሸማ እጥፋለሁ። ይህን የምለው በምሬት አይደለም። ከእርስዎ ጉልበት የሚበልጥብኝ ባሕር የለም።

ልጅዎ ዱባለ


አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ ፲፱ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

ለልጄ ለዱባለ፤ እንኳን ከሞት ወደ ሕይወት አሻገረህ፤ በዓሉንም፣ አንተንም ማለቴ ነው።

ወረቀትህ የደረሰኝ ረቡዕ ነው። አለሁ የሚለውን ስሰማ ባህረዲንን አንገቱን አቅፌ ሳምኩት፤ ተራው እስካሁን ይስቅብናል። ክንድህ ጋ ሲደርስ ግን ማንበቡን አስቆምኩት። ይኸው፣ አልኩ። ራጉኤል አስጠነቀቀኝ አልኩ። ና፣ ሸማ እጠፍ ልልህ ቁርጤን ያዝኩ። ጻፍ ብዬው ነበር፤ ባህረዲን ነው የበዓሉ ሳምንት ይለፍና ያለኝ።

ዓርብ ስቅለት ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ስሰግድ ዋልኩ። ጉልበቴ ከእኔ ጋር ከተጣላ ቆይቷል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ንባቡ ተጠማሁ ያለበት ቦታ ደረሰ። ያን ቦታ ከልጅነቴ ጀምሮ በየዓመቱ ሰምቼዋለሁ። አንዱ ሮጦ ሰፍነግ በሆምጣጤ ነክሮ ወደ አፉ እንዳቀረበለት። እኔ ሁልጊዜ ጨርቅ ነበር የሚታየኝ፤ ባለ ሸማ ነኝና ከጨርቅ ሌላ ምን ይታየኛል። ያን ቀን ግን ቶላ ታየኝ። ጀልባ ላይ ተንበርክኮ፣ ያን ነገር በሆምጣጤ ነክሮ ክንድህ ላይ ይዞ።

ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ሰው ሁሉ ሲወድቅ እኔ ቆሜ ቀረሁ። ያ ፍጥረት እዚያም ነበር አልኩ። ራስ የለው፣ ልብ የለው፣ ከዛፍህ ሥር የተጻፈው። ከጫፍ ላይ የተጻፍነው እኛ ጌታን ሰቅለን ቆመን ስናይ፣ ወዳጆቹ ጥለውት ሲሄዱ፣ እስከ ከንፈሩ የደረሰው እሱ ነው። ጌታ በዚያች ሰዓት ከንፈሩን ያስነካውን ነገር እኔ ድስቴን ነካብኝ ብዬ ሳለቅስ ከረምኩ! ዱባለ፣ አፈርኩ። ደግሞ ደስ አለኝ፤ ሁለቱ አንድ ላይ መጡብኝ፣ ሳቅም ልቅሶም ሆነብኝ። አጠገቤ የነበሩት ሴቶች አእምሮዋን ነካት ሳይሉ አይቀሩም።

ስለቴን ደግሞ መልሼ አሰብኩት። ልጄን ከባሕር መልስልኝ ነው ያልኩት። ተመልሰሃል። ያስታመመህም ያው ስለቴን አፈረሰው ብዬ ሣጥን ውስጥ ያሰርኩት ነው። ራጉኤል በማን እጅ እንደሚሠራ ከእኔ አያማክርም። ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው፤ እኔም ጨርቅ ነበር የሚመስለኝ ብለው ሳቁ።

ቅዳሜ ሣጥኑን ከፍቼ አወጣሁት። ደርቆ እንደ ድንጋይ ሆኖ ነበር። ውሃ ሰጠሁት፤ ጠጣ፣ ለሰለሰ። እቃ አላጥብበትም። በንጹሕ ሳህን ሱቅ ውስጥ መደርደሪያው ላይ አድርጌዋለሁ። ሰው ሲጠይቀኝ ታላቃችን ነው እላለሁ። ባህረዲን ደግሞ መርጃኑን አጠገቡ ሰቅሎ ለደንበኛ ሁሉ ያንተን ዛፍ ያስተምራል፤ ግማሹን ተሳስቶ።

እንግዲህ ቃሌን ስማ። እፈራለሁ፤ እስክሞት እፈራለሁ። ዓባይን ሳስብ አሁንም ሌሊት እነቃለሁ። ግን ባሕሩ የሚበላ ብቻ እንዳልሆነ አየሁ። አባትህን የወሰደው ውሃ ነው ብዬ፣ አንተን ከፍጥረት ሁሉ መጀመሪያ አጠገብ ልነጥልህ አልችልም። ጥላ የምትመስለውን ግን ሁለተኛ ብትቀርባት እኔው ራሴ ምጽዋ እመጣብሃለሁ። ለቶላ አንድ ጋቢ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬለታለሁ፤ ጥለቱን ራሴ መርጬዋለሁ።

ይህ ደብዳቤ ጀልባህ ከሄደች በኋላ እንደሚደርስ አውቃለሁ። ስለዚህ ባህረዲን አሁን ወደ ቴሌግራፍ ቤት ሊሮጥ ጫማውን እያሰረ ነው። ብዙ አታስጽፊኝ ብሎኛል።

አክስትህ ቦሰና


ቴሌግራም። አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ ፲፱

ባሕር ግባ። ተመለስ። ቦሰና